«እናትህ ሞተው ነው ያሳደጉህ?» ላለመባል፦ የእንግሊዝኛ ፓርቲሲፕል አጠቃቀም ደረጃ በደረጃ

ከዓመታት በፊት ነው። ለስኮላርሺፕ የሚሆን ደብዳቤ ጻፍኩና መሥሪያ ቤት ውስጥ ሁላችንም ጋሼ ለምንላቸው፣ እንግሊዝኛቸው ለማይታማ ሰው «እስቲ ይዩልኝ» ብዬ ሰጠኋቸው። በልቤ የጻፍኩት «አባቴ በስድስት ዓመቴ ሞቶ እናቴ አሳደገችኝ» የሚል ነበር። ወረቀቱ ላይ የወጣው ግን «ሃቪንግ ዳይድ ዌን አይ ወዝ ሲክስ፣ ማይ ማዘር ሬይዝድ ሚ» ነው። ጋሼ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱና በላዩ አዩኝ። «እናትህ ሞተው ነው ያሳደጉህ?»

ከዚያ ወዲህ የስንቱን ሰው ማመልከቻና አይኤልትስ ለሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና የተጻፈ ድርሰት እንዳየሁ እኔም አላውቅም፤ ይቺ ስህተት ግን አትጠፋም። ከየት እንደምትመጣም ገብቶኛል። የአማርኛ ግስ ባለቤቱን አዝሎ ነው የሚዞረው። «ሞቶ» ካልን እሱ፣ «ሞታ» ካልን እሷ፣ «ደርሼ» ካልን እኔ። ስለዚህ ቀጥሎ ማንም ይምጣ ማን አንደናገርም። የእንግሊዝኛው ፓርቲሲፕል፣ ማለትም ከግስ ወጥቶ ስምን የሚገልጸው ቃል፣ ጀርባው ባዶ ነው። «አራይቪንግ» ሲባል ማን እንደደረሰ አይታወቅም። ከኮማው በኋላ መጀመሪያ ያገኘውን ስም ይይዝና ባለቤቴ ነህ ይለዋል።

ከመጀመራችሁ በፊት

ደብተርና እስክሪብቶ አምጡ። ስልክ ላይ ማንበብ ብቻ አይበቃም፣ ይሄ ነገር በእጅ ካልተጻፈ አይገባም።

የእንግሊዝኛ ምሳሌዎቹን በራሳችን ፊደል ነው ያስቀመጥኳቸው። ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው፣ ከዚያ ደብተራችሁ ላይ በላቲን ፊደል ጻፏቸው። ምሳሌ ውስጥ «፣» ስታዩ በእንግሊዝኛው ኮማ ነው።

የግሶች ሦስት ቅርጽ የተዘረዘረበት ሰንጠረዥ ያስፈልጋችኋል፤ ያው «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» እያልን በቃል ያጠናነው። ብዙ መዝገበ ቃላት መጨረሻ ገጾቻቸው ላይ አላቸው። ከዚህ በኋላ «ሦስተኛው ቅርጽ» ስል እንደ «ጎን»፣ «ብሮክን»፣ «ስቶለን» ያለውን ማለቴ ነው። ሠላሳ ያህል የተለመዱ ግሶችን ሦስተኛ ቅርጽ ሳታዩ መናገር ካልቻላችሁ፣ ዛሬ እዚህ ላይ አቁማችሁ እሱን አጥኑ። የምሬን ነው። ቀሪው ሁሉ በእሱ ላይ ነው የሚቆመው።

በመጨረሻም ራሳችሁ የጻፋችሁትን አንድ አሮጌ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ፈልጉ። ኢሜይልም ይሁን የሥራ ማመልከቻ ግድ የለም።

ደረጃ 1፦ በአማርኛ ምን ልትሉ እንደፈለጋችሁ ለዩ

ፓርቲሲፕል ማለት ከግስ ወጥቶ እንደ ቅጽል የሚሠራ ቃል ነው። ስምን ይገልጻል። ተከታይ ቃላቱ ሲጨመሩበት ፓርቲሲፒያል ፍሬዝ ይባላል። ትርጓሜው ይሄው ነው፣ አትጨነቁበት። የሚጠቅማችሁ የትኛውን ቅርጽ መቼ እንደምትመርጡ ነው፣ ለዚያ ደግሞ አማርኛችሁ ጥሩ መሪ ነው።

1. አማርኛው «እየ» ወይም «የሚ» ካለ፣ መጨረሻው «ኢንግ» የሆነውን ውሰዱ። «እየሮጠ መጣ» ማለት «ሂ ኬም ረኒንግ»። «የሚያለቅስ ሕፃን» ማለት «ኤ ክራይንግ ቤቢ»።

2. አማርኛው ድርጊቱ በስሙ ላይ እንደተፈጸመ ከተናገረ፣ ብዙ ጊዜም በ«የተ» ከጀመረ፣ ሦስተኛውን ቅርጽ ውሰዱ። «የተሰበረ ወንበር» ማለት «ኤ ብሮክን ቼር»፣ «የተሰረቀ ስልክ» ማለት «ኤ ስቶለን ፎን»። ሁሌ «የተ» አይገኝም፤ «የጠፋ ቁልፍ»ም «ኤ ሎስት ኪ» ነው።

3. አማርኛው ቦዝ አንቀጽ ከሆነ፣ ማለትም እንደ «በልቶ»፣ «ጨርሳ»፣ «ከፍለን» ያለ ከሆነና አንዱ አልቆ ሌላው ከቀጠለ፣ «ሃቪንግ» ብላችሁ ሦስተኛውን ቅርጽ ጨምሩ። «ቁርሱን በልቶ ወጣ» ማለት «ሃቪንግ ኢተን ብሬክፋስት፣ ሂ ለፍት»።

ሦስተኛው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቦዝ አንቀጽ ሁሉ «ሃቪንግ» አይሆንም። «ነጭ ለብሳ መጣች» ስንል ለብሳ ጨርሳ ማለታችን አይደለም፤ ስትመጣም ነጩ ላይዋ ላይ ነው። ስለዚህ «ሺ ኬም ዌሪንግ ዋይት»። «እንጀራ ይዞ ገባ» ካላችሁም እንጀራው እጁ ላይ ነውና «ሂ ኬም ኢን ካሪይንግ እንጀራ»። «ቆሞ በላ» ደግሞ «ሂ ኤት ስታንዲንግ ኧፕ»። መልበስ፣ መያዝ፣ መቆም፣ መቀመጥ፣ መተኛት፣ እነዚህ ሁሉ በአማርኛ ያለቁ መስለው በእንግሊዝኛ «ኢንግ» ይፈልጋሉ። መጠየቂያው ቀላል ነው፦ ዋናው ድርጊት ሲፈጸም የመጀመሪያው ገና አለ ወይስ አልቋል? ካለ «ኢንግ»። ካለቀ «ሃቪንግ»።

እዚህ ላይ ከተሳሳታችሁ

«ኤ ብሮክ ቼር» ወይም «ማይ ስቶል ፎን» ከጻፋችሁ ሁለተኛውን ቅርጽ ነው ያነሳችሁት። ወደ ሰንጠረዡ ተመለሱ። በነገራችን ላይ «ብሮክ» ብቻውን ቅጽል ሲሆን ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው ማለት ነው፣ ስለዚህ የጻፋችሁት ገንዘብ ያጣ ወንበር ሊሆን ይችላል።

«ሃቪንግ ኢቲንግ» ከጻፋችሁ ሁለት ጊዜ «ኢንግ» ለጠፋችሁ። ከ«ሃቪንግ» በኋላ የሚመጣው ሁልጊዜ ሦስተኛው ቅርጽ ነው።

«ኢንግ» ያለበትን ቃል ሁሉ ፓርቲሲፕል ብላችሁ ከያዛችሁም ተሳስታችኋል። ወደ አማርኛ መልሱት። በ«መ» የሚጀምር ቃል ከመጣ ስም ነው። «አይ ላይክ ስዊሚንግ» ማለት መዋኘት እወዳለሁ ማለት ነው፣ ስለዚህ እሱን ለዛሬ ተዉት። «ዘ ስዊሚንግ ቦይ» ግን የሚዋኘው ልጅ ነውና የኛ ነው።

የፊደል አጻጻፉን በሩጫ እንለፈው። ድምፅ የሌለው «ኢ» መጨረሻ ላይ ካለ «ኢንግ» ሲመጣ ይወድቃል፣ እንደ «ራይቲንግ»። አጭር ግስ በአንድ አናባቢና በአንድ ተነባቢ ካለቀ፣ እንደ «ረኒንግ»፣ የመጨረሻው ፊደል ይደገማል። መጨረሻው «አይ» እና «ኢ» የሆነ፣ እንደ «ላይ» እና «ዳይ» ያለ፣ ሁለቱን ጥሎ በ«ዋይ» ይተካል።

ደረጃ 2፦ «ቦሪንግ» እና «ቦርድ»ን አታምታቱ

ለሥራ ቃለ መጠይቅ ተቀምጦ «አይ አም ቬሪ ኢንተረስቲንግ ኢን ዚስ ጆብ» ያለ ሰው አውቃለሁ። ፍላጎት አለኝ ለማለት ነው። ያለው ግን እኔ እጅግ ሳቢ ሰው ነኝ ነው። ጠያቂዎቹ ፈገግ ሲሉ ጥሩ እየሄደለት መስሎት ነበር።

እንዲህ ለዩት፦

1. ቃሉን በአማርኛ በሉት።

2. ሌላውን ሰው የሚያደርግ ከሆነ፣ ማለትም አሰልቺ፣ አድካሚ፣ አስፈሪ፣ አስገራሚ፣ ግራ የሚያጋባ ከሆነ፣ «ኢንግ» ነው። ቦሪንግ፣ ታየሪንግ፣ ፍራይትኒንግ፣ ሰርፕራይዚንግ፣ ኮንፊውዚንግ። አብዛኞቹ በ«አ» ወይም በ«አስ» እንደሚጀምሩ ልብ በሉ።

3. ራሱ የተሰማው ከሆነ፣ ማለትም ሰልችቶኛል፣ ደክሞኛል፣ ፈርቻለሁ፣ ገርሞኛል፣ ግራ ገብቶኛል ከሆነ፣ መጨረሻው «ኢዲ» የሆነው ነው። ቦርድ፣ ታየርድ፣ ፍራይትንድ፣ ሰርፕራይዝድ፣ ኮንፊውዝድ።

ብዙ ቦታ «ለሰው ኢዲ፣ ለዕቃ ኢንግ» ተብሎ ይማራል። በግማሹ ብቻ እመኑት። ፊልም ስለማይሰለቸው «ዘ ሙቪ ወዝ ቦርድ» አይባልም፣ ይሄ እውነት ነው። ሰው ግን ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። «ማይ አንክል ኢዝ ቦርድ» ካልን አጎቴ ሰልችቶታል፤ «ማይ አንክል ኢዝ ቦሪንግ» ካልን ደግሞ ወሬው እኛን አሰልችቶናል። ሰዋስዉ ሁለቱንም ይፈቅዳል፣ አጎታችሁን ግን አታሰሟቸው።

ደረጃ 3፦ ሐረጉን ከሁለት ዓረፍተ ነገር ሥሩ

ብዙ ሰው በቀጥታ «ኢንግ» ብሎ ይጀምርና መሀል ላይ መንገዱ ይጠፋበታል። እንደዚያ አታድርጉ። ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ሃያ ልምምዶች በዚህ ቅደም ተከተል ብቻ ሂዱ።

1. ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «ሳራ ኦፕንድ ዘ ሌተር። ሳራ ስታርትድ ቱ ክራይ።»

2. የሁለቱንም ባለቤት አስምሩበት። አንድ ሰው ናቸው? ከሆኑ ቀጥሉ። ካልሆኑ እዚሁ አቁሙና ወደ ደረጃ 5 ሂዱ። ይህችን ነጥብ የሚዘል ሰው ነው እናቱን ገድሎ የሚያስነሳት።

3. የመጀመሪያውን ባለቤት ሰርዙ። «ኦፕንድ ዘ ሌተር» ብቻ ቀረ።

4. የቀረውን ግስ ቀይሩ። ድርጊቶቹ አብረው ወይም እግር በእግር ከሆኑ «ኢንግ»፣ የመጀመሪያው በደንብ ካለቀ በኋላ ከሆነ «ሃቪንግ»፣ ባለቤቱ ላይ የተፈጸመ ከሆነ ሦስተኛው ቅርጽ ብቻውን።

5. ኮማ አድርጉና ወዲያው የሁለተኛውን ባለቤት አስቀምጡ። «ኦፕኒንግ ዘ ሌተር፣ ሳራ ስታርትድ ቱ ክራይ።»

«ወዲያው» ያልኩት አውቄ ነው። ከኮማው በኋላ ሌላ ስም ጣልቃ እንዳይገባ።

ሦስተኛው ቅርጽ ብቻውን ሲሠራ እንይ። የባቡር ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። «ኮምፕሊትድ ኢን 1917፣ ዘ ሬልዌይ ሊንክድ አዲስ አበባ ቱ ጅቡቲ።» ሐዲዱ ተጠናቀቀ እንጂ አላጠናቀቀም፣ ስለዚህ «ኮምፕሊቲንግ» አይሆንም። ፊቱ ላይ «ቢይንግ» መለጠፍም አያስፈልግም። «ቢይንግ»ን ምክንያት ለመናገር አስቀምጧት፦ «ቢይንግ ኤ ነርስ፣ ሺ ኒው ዋት ቱ ዱ»፣ ነርስ ስለሆነች ምን ማድረግ እንዳለባት አወቀች።

አሉታ ሲሆን

«ኖት» መጀመሪያ ላይ ትገባለች። «አድራሻውን ስላላወቀ ደወለልኝ» ማለት «ኖት ኖዊንግ ዘ አድሬስ፣ ሂ ኮልድ ሚ» ነው። «ዲድንት ኖዊንግ» የሚባል ነገር የለም።

ነገር ግን አማርኛው «ሳይ» ካለ፣ እንደ «ሳይበላ ሄደ»፣ «ኖት»ን ተዉና «ዊዛውት» በሉ፦ «ሂ ለፍት ዊዛውት ኢቲንግ»። «ኖት ኢቲንግ፣ ሂ ለፍት» ብትሉ የሚሰማው ሰው ግንባሩን ይቋጥራል። «ስላላ» ለ«ኖት»፣ «ሳይ» ለ«ዊዛውት»፣ እንዲህ ያዙት።

ደረጃ 4፦ «ማን?» ብላችሁ ጠይቁ

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ኮማው ላይ ጣታችሁን አሳርፉ። ከኮማው በፊት ያለውን ድርጊት ማን እንዳደረገው ጠይቁ። መልሱ ከጣታችሁ ቀጥሎ ያለው ስም መሆን አለበት። ካልሆነ ዓረፍተ ነገሩ ተንጠልጥሏል።

«አራይቪንግ ሆም፣ ዘ ፎን ራንግ።» በአማርኛ «ቤት ደርሼ ስልኩ ጮኸ» ብንል ማንም አይስቅም፣ «ደርሼ» ውስጥ እኔ አለሁ። በእንግሊዝኛው ግን ማን ደረሰ? ስልኩ። በእግሩ።

መጠገኛው ሁለት ነው። አንደኛው፣ ትክክለኛውን ባለቤት ከኮማው ቀጥሎ ማምጣት፦ «አራይቪንግ ሆም፣ አይ ኸርድ ዘ ፎን ሪንግ»። ሁለተኛው፣ ፓርቲሲፕሉን ጥሎ ባለቤቱን መመለስ፦ «ዌን አይ አራይቭድ ሆም፣ ዘ ፎን ራንግ»። ቸኩላችሁ ከሆነ ሁለተኛውን ምረጡ፣ አያሳፍርም።

ሰው በብዛት የሚወድቅባቸው ቦታዎች እነዚህ ናቸው፦

«ማይ» ያለበት። «ዎኪንግ ቱ ዎርክ፣ ማይ ሹ ብሮክ።» «ማይ» ስላለ እኔ ያለሁ ይመስላል። የለሁም። ባለቤቱ ጫማው ነው፣ ወደ ሥራ የሚሄደውም እሱ። ይህች በጣም አታላይ ናት፤ ጥሩ ጸሐፊዎችንም ትጥላለች። የኔ ደብዳቤም የወደቀው በ«ማይ ማዘር» ነው።

«ኢት ኢዝ» ያለበት። «ሉኪንግ አት ዘ ግራፍ፣ ኢት ኢዝ ክሊር ዛት…» የአይኤልትስ ተፈታኞች የጽሑፉን የመጀመሪያ ክፍል በዚህ መጀመር ይወዳሉ። ማን ነው ግራፉን ያየው? «ኢት»? ክፍሉ ቢያንስ 150 ቃል ይጠይቃል፣ ሰዋስው ደግሞ ከአራቱ የመመዘኛ ነጥቦች አንዱ ነው። ምን አስጨነቃችሁ፣ «ዘ ግራፍ ሾውስ» ብላችሁ ጀምሩ።

ተደራጊ ግስ ያለበት። «ዩዚንግ ኤ ናይፍ፣ ዘ ኦኒየንስ ወር ቾፕድ።» ሽንኩርቶቹ ቢላ ይዘው ተከተፉ። የላብራቶሪ ሪፖርትና የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጽፍ ሰው ይሄን ሁሌ ይፈትሽ፣ እዚያ ሁሉም ነገር «ተደረገ» ስለሚባል አድራጊው በቀላሉ ይጠፋል።

ፊቱ ላይ «አፍተር» ወይም «ዋይል» መጨመር አያድንም። «ዋይል ዎኪንግ ቱ ዎርክ፣ ማይ ሹ ብሮክ» ስትሉም ወደ ሥራ የሚሄደው ያው ጫማው ነው።

ከሕጉ ያመለጡ ጥቂት ሐረጎች አሉ። «ጄነራሊ ስፒኪንግ»፣ «ጀጂንግ ባይ»፣ «ኮንሲደሪንግ»። እነዚህ ደንበኛ መነሻ ሐረግ ሆነው ስለቀሩ ማንም ባለቤት አይጠይቃቸውም። እነሱን አይቶ ሌላውንም መልቀቅ ግን አይቻልም።

የኔስ ደብዳቤ? ጋሼ በእርሳስ ያረሙት እንዲህ ነው፦ «ማይ ፋዘር ዳይድ ዌን አይ ወዝ ሲክስ፣ ኤንድ ማይ ማዘር ሬይዝድ ሚ።» ፓርቲሲፕል የሚባል ነገር የለበትም። ትንሽ ቅር አለኝ፣ ያቺን «ሃቪንግ» ወድጃት ነበር።

ደረጃ 5፦ ባለቤቶቹ ሁለት ከሆኑ

«ዝናቡ አባርቶ ወጣን።» ያባራው ዝናቡ፣ የወጣነው እኛ። በአማርኛ ምንም ችግር የለበትም። በእንግሊዝኛ ሦስት መንገድ አለ።

1. «ዌን»፣ «አፍተር» ወይም «ቢኮዝ» ተጠቀሙ። «ዌን ዘ ሬን ስቶፕድ፣ ዊ ለፍት።» ከአሥር ጊዜ ዘጠኙን ይሄ ይበቃል።

2. ፓርቲሲፕሉን ከነራሱ ባለቤት አስቀምጡት። «ዘ ሬን ሃቪንግ ስቶፕድ፣ ዊ ለፍት።» ለቦዝ አንቀጻችን በጣም የቀረበው ይሄ ነው፣ ስህተትም የለበትም። ግን ከባድ ልብስ ነው። ለጓደኛ በቴሌግራም አይጻፍም፤ በድርሰት ውስጥም አንዴ ከታየ ይበቃዋል።

3. ሁለተኛው ባለቤት የሰውነት ክፍል ወይም አብሮ ያለ ነገር ከሆነ «ዊዝ» አስገቡ። «እጇ እየተንቀጠቀጠ ደብዳቤውን ከፈተች» ለማለት «ዊዝ ኸር ሃንድስ ሼኪንግ፣ ሺ ኦፕንድ ዘ ሌተር»። ይሄ ቀላልም ቆንጆም ነው። «ኸር ሃንድስ» የራሷ ቦታ ስላላት ደብዳቤውን የከፈተችው ልጅቱ መሆኗ አይምታታም።

ደረጃ 6፦ ከስሙ በኋላ አስቀምጡት

አማርኛ ገላጩን ሁሉ ከስሙ በፊት ይደረድራል፦ «በሩ ላይ የቆመው ሰውዬ»። እንግሊዝኛ አንድ ቃል ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከስሙ በፊት፣ ሐረግ ከሆነ ከስሙ በኋላ ያደርገዋል። ስለዚህ «ኤ ክራይንግ ቤቢ» ይባላል፤ «ዘ ስታንዲንግ አት ዘ ዶር ማን» ግን አይባልም።

1. መጀመሪያ በ«ሁ» ወይም በ«ዊች» ሙሉውን ጻፉ። «ዘ ማን ሁ ኢዝ ስታንዲንግ አት ዘ ዶር ኢዝ ማይ አንክል።»

2. «ሁ ኢዝ» የሚለውን ሰርዙ። «ዘ ማን ስታንዲንግ አት ዘ ዶር ኢዝ ማይ አንክል።» አለቀ።

አማርኛው «የቆመው»፣ «የለበሰችው» ሲል ያለፈ ነገር ስለሚመስል «ዘ ማን ስቱድ አት ዘ ዶር ኢዝ…» የሚል ሰው አለ። ደረጃ 1 ላይ ያልነው እዚህም ይሠራል። ቀይ የለበሰችው ልጅ አሁንም ለብሳለች፦ «ዘ ገርል ዌሪንግ ሬድ»።

የማይሰረዝበትም ጊዜ አለ። አንዴ ተፈጽሞ ያለቀ ነገር ሲሆን «ሁ»ን አትንኩት። «ትናንት የመጣው ሰውዬ» «ዘ ማን ሁ ኬም የስተርደይ» ነው እንጂ «ዘ ማን ካሚንግ የስተርደይ» አይደለም። «የገዛሁት መጽሐፍ»ም ወደ «ኢንግ» አይቀየርም፣ መጽሐፉ ገዢ አይደለማ። «ዘ ቡክ አይ ቦት» ብላችሁ እለፉ።

ኮማውስ?

ሐረጉ የትኛው እንደሆነ የሚለይልን ከሆነ ኮማ የለም። ያለሱም የሚታወቅ ከሆነ ከፊትም ከኋላም ኮማ ይደረጋል። ልዩነቱ የዋዛ አይደለም። «ዘ ስቱደንትስ ሊቪንግ ኢን ዘ ዶርም ጎት ሲክ» ካላችሁ የታመሙት ዶርም የሚኖሩት ብቻ ናቸው። «ዘ ስቱደንትስ፣ ሊቪንግ ኢን ዘ ዶርም፣ ጎት ሲክ» ካላችሁ ግን ተማሪዎቹ ሁሉ ዶርም ይኖራሉ፣ ሁሉም ታመዋል። አንዷን ኮማ ከፍቶ ሁለተኛዋን መርሳት የተለመደ ነው። ወይ ሁለቱንም፣ ወይ ምንም።

ደረጃ 7፦ የዓረፍተ ነገሩን ጭራ ፈትሹ

«አይ ሶው ዘ ዶክተር ዎኪንግ ቱ ዘ ሆስፒታል።» በእግሩ ይሄድ የነበረው ማን ነው? እንግሊዝኛ አንባቢ ዶክተሩ ነው ይላል፣ ቅርቡ ያለው እሱ ነውና። እናንተ ከሆናችሁ ሐረጉን ወደ ፊት አምጡት፦ «ዎኪንግ ቱ ዘ ሆስፒታል፣ አይ ሶው ዘ ዶክተር።»

ሌላው የደብዳቤ መዝጊያ ነው። «ሆፒንግ ቱ ሂር ፍሮም ዩ ሱን» ብለን አራት ነጥብ እናሳርፋለን። ይሄ ግማሽ ነው፤ ባለቤትም የለው፣ የቆመ ግስም የለው። «አይ ሆፕ ቱ ሂር ፍሮም ዩ ሱን» በሉ። ማንኛውም በ«ኢንግ» ጀምሮ ያለኮማና ያለባለቤት አራት ነጥብ ላይ የደረሰ ነገር በጥርጣሬ ይታይ።

ደረጃ 8፦ በራሳችሁ ጽሑፍ ላይ ሥሩ

ያንን አሮጌ ጽሑፍ አውጡ። «ኢንግ» ያለባቸውን ሁሉ አክብቡ። «መ» የሆኑትን ሰርዙ፣ ከ«ኢዝ» እና «ወዝ» ጋር ሆነው ጊዜ የሚናገሩትንም ሰርዙ። በቀሩት ላይ አንድ በአንድ «ማን?» እያላችሁ ሂዱ። አንድ ገጽ ላይ ከሦስት በላይ ከቀረ፣ ሁሉም ትክክል ቢሆኑ እንኳ ግማሹን አፍርሷቸው። ጨው ሲበዛ ወጡን ማንም አይጎርሰውም።

ከዚያ እነዚህን አራት ሞክሩ። መልሱን ከማንበባችሁ በፊት በደብተራችሁ ጻፉ።

1. «ዌይቲንግ ፎር ዘ ታክሲ፣ ማይ ባግ ወዝ ስቶለን።»
2. «ዘ ሌክቸር ወዝ ሶ ቦርድ ዛት አይ ስሌፕት።»
3. «ሃቪንግ ፊኒሽድ ዘ ኤግዛም፣ ዘ ቲቸር ኮሌክትድ አወር ፔፐርስ።»
4. «ኖት ዎንቲንግ ቱ ዌክ ኸር፣ አይ ክሎዝድ ዘ ዶር ስሎውሊ።»

አንደኛው ላይ ታክሲ የሚጠብቀው ቦርሳው ነው፤ «ዋይል አይ ወዝ ዌይቲንግ ፎር ዘ ታክሲ» ብላችሁ ጀምሩት። ሁለተኛው «ቦሪንግ» ነው፣ የሰለቸው እናንተን እንጂ ትምህርቱን አይደለም። ሦስተኛው ላይ ፈተናውን የጨረሰው መምህሩ ሆኗል፦ «ዌን ዊ ሃድ ፊኒሽድ ዘ ኤግዛም፣ ዘ ቲቸር ኮሌክትድ አወር ፔፐርስ» በሉት። አራተኛውን ያረማችሁ ካላችሁ ወደነበረበት መልሱት፣ ምንም አልነበረበትም።